መጀመሪያ ዲአይ ቦክስ ግዙ
ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎችና በየሰርጉ የምትጫወቱ ልጆች፣ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ትልቅ ስፒከር ላይ አታፍስሱ። ዲአይ ቦክስ ማለት በመሣሪያውና በሚክሰሩ መካከል ገብታ ሲግናሉን ለሚክሰሩ እንዲስማማ የምታደርግ ትንሽ ሳጥን ናት።

ክራር ላይ የሚለጠፈው ፒዬዞ ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረው) ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለሲግናሉ ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ፣ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሲሰካ ባሱ ይጠፋና ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። መግቢያው 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አክቲቭ (ኃይል የሚፈልግ) ዲአይ ይሄን ይፈታል። ብዙዎቹ በባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በሚመጣ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ይሠራሉ። ለኪቦርድ ግን ርካሹ ፓሲቭ (ያለ ኃይል የሚሠራው) ይበቃል፣ አትከራከሩኝ።

ሌላው ጣጣ ያ "እምምም" የሚለው ነገር ነው። ላፕቶፑ አንድ ጥግ፣ ሚክሰሩ ሌላ ጥግ ሲሰካ ግራውንድ ሉፕ (በግራውንድ ሽቦዎቹ መካከል የሚዞር ጅረት) ይፈጠርና የመብራቱ 50 ኸርትዝ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ከተቻለ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት መስመር አውጡ። ካልጠፋ ዲአዩ ላይ ያለችውን ግራውንድ ሊፍት የምትባል ቁልፍ ንኩ። የሶኬቱን ግራውንድ መቁረጥ ግን በፍጹም! ሰው ይገድላል፣ በተለይ ማይኩን ከንፈሩ ላይ አስጠግቶ የሚዘፍነውን።

ለቤት ልምምድ ሄድፎን ይበቃል፣ ጎረቤትም ይተኛል። መድረክ ላይ ደግሞ ስፒከሩን ስታበሩ መጨረሻ፣ ስታጠፉ መጀመሪያ አድርጉት፤ ያ "ዷ!" የሚለው ድምፅ ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ሊያቃጥል ይችላል።