ስልኬን የማያውቅ ከርነል

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ 3 ሰዓት አለፍ ብሎ። የካሸሮቹ ኃላፊ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ደረሰኝ አልወጣ አለን፤ ሰው ተሰልፎ ቆሟል» አሉኝ። የምሠራው ጥቂት ቅርንጫፎች ባሉት ድርጅት ውስጥ ነው። ሰርቨሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን ተረኛም እኔው ነበርኩ። «እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አልኩና የቤት ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ።

ኢንተርኔት የለም። የቤቱ መስመር ተቋርጧል። አልደነገጥኩም፤ እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ። ስልኬን በኬብል ሰካሁና የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን፣ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አበራሁ። ዴስክቶፑ ዋይፋይ ስለሌለው ሌላ መንገድ የለኝም። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚያስገባኝ ቁልፍ ያለውም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። ኔትወርክ ግን አልመጣም። ነቅዬ ሰካሁ። ኬብል ቀየርኩ። ያው ነው። የከርነሉን፣ ማለትም ዕቃውንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት፣ መልእክቶች ከፍቼ አየሁ። አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ መገኘቱን መዝግቧል፤ የስልኩን ሞዴል ሳይቀር ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ዝም። የኔትወርክ ካርዶቹን ዝርዝር ሳይ ያለው የተለመደው የላን ካርድ ብቻ ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ስልኩም ኬብሉም ደህና ናቸው። ስልኬን የማያውቀው ከርነሉ ነው። ከርነሉን ደግሞ የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ከሳምንት በፊት ነው የጀመርኩት። ቀኑን ሙሉ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ እየዋልኩ፣ ከሥር ያለውን ከርነል አንዴም በእጄ ሠርቼው አለማወቄ ይከነክነኝ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ይህ ሥራ ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት ጽሑፍ፣ እስከ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። አውርዶ፣ የሚፈልጉትን መርጦ፣ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ፣ ይቻላል። እኔም አወረድኩት።

መጀመሪያ የምጠቀምበትን የሊኑክስ ዓይነት፣ የኡቡንቱን፣ ኮንፊግ (ከርነሉ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ የሚወስነውን ዝርዝር) እንዳለ ገልብጬ ሞከርኩ። ትንሽ እንደሄደ የኡቡንቱን የሰርተፊኬት ፋይል አጣሁ ብሎ ቆመ። ያንን መስመር ባዶ ሳደርገው ቀጠለ። የኡቡንቱ ኮንፊግ ለማንኛውም ዓይነት ኮምፒውተር እንዲሆን የተዘጋጀ ስለሆነ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎች፣ ማለትም ሲያስፈልጉ ከርነሉ ላይ የሚጫኑ ቁርጥራጮች፣ አሉት። ባለ አራት ኮሩ አሮጌ ማሽኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ልጭነው ስል ቡት ፓርቲሽኑ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሳባቸው ፋይሎች ያሉበት የዲስክ ክፍል፣ ሞላና ቦታ የለም አለኝ። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ። ሞጁሎቹ ከነዲበግ መረጃቸው (ስህተት ለመፈለግ የሚጠቅም ነው) ስለተጫኑ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከከርነሉ ጋር የሚጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ፋይል በብዙ እጥፍ አብጦ ነበር። ሲጫን «ኢንስቶል ሞድ ስትሪፕ» የሚለውን 1 ማድረግ ነበረብኝ፤ ያ ሁሉ ሸክም ይራገፍ ነበር። እኔ ግን ቦታ ያገኘሁት የኡቡንቱን ከርነሎች በማጥፋት ነው። መጀመሪያ ትርፉን፣ አዲሱ መነሳቱን ካየሁ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን።

ከሁለት ቀን በኋላ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚል ትዕዛዝ አገኘሁ። በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ተጭነው ያሉትን ሞጁሎች ያይና የቀሩትን ከኮንፊጉ ያወጣቸዋል። ሌሊት የፈጀው ሥራ አሁን ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ አለቀ። በጣም ደስ አለኝ። ያበጠውን የመጀመሪያውን ከርነልም ያን ያህል ቦታ ይዞ ለምን ይቀመጣል ብዬ አጠፋሁት።

«በዚያች ሰዓት» የሚለውን ግን ልብ አላልኩትም። ትዕዛዙን ስሰጥ ስልኬ አልተሰካም ነበር። ስለዚህ የስልኬን ኢንተርኔት የሚቀበለው ድራይቨር፣ አርኤንዲአይኤስ ሆስት የሚባለው፣ አብሮ ወጥቷል።

የሚቆጨኝ ግን የድራይቨሩ መቅረት አይደለም። ሞጁል መርሳት ያለ ነው፤ ማንም ይረሳል። የሚቆጨኝ የድሮውን ከርነል ማጥፋቴ ነው። እሱ ቢኖር ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጌ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነል ከሚያስመርጠው ከግረብ ሜኑ ላይ የድሮውን መርጬ፣ በሁለት ደቂቃ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አላደርግም። የራሴ ማሽን ነው፣ ቤት ነው ብዬ ነው ያደረግኩት። ተረኛ በሆንኩበት ቀን ግን ያ ማሽን የእኔ ብቻ አልነበረም። ወዲያ ማዶ ወረፋ የያዘ ሰው ነበር።

እትዬ መልሰው ደወሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። «የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው፤ እስከዚያው በእጅ ደረሰኝ ይቁረጡ» አልኳቸው። «በል ቶሎ በል ልጄ» ብለው ዘጉት።

ያዳነኝ ሶርሱን አለማጥፋቴ ነው። ከርነሉን የሠራሁበት ፎልደር እንዳለ ነበር፤ ለመሥራት ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ብዬ ኮንፊጉን ከፈትኩ። የኔትወርክ ድራይቨሮች ውስጥ የዩኤስቢ አዳፕተሮች የሚለው ሥር ገባሁ። አርኤንዲአይኤስ የሚለው ላይ ደርሼ ኤም የምትለውን ተጫንኩ፤ ሞጁል ሆኖ ይሠራ ማለት ነው። የከርነሉን ቨርዥንና ስም ፈጽሞ አልነካሁም። ሞጁሉ ላይ የተጻፈው ቨርዥን እየሠራ ካለው ከርነል ጋር ካልገጠመ አይጫንም። ከዚያ ከርነሉን የሚሠራውን ትዕዛዝ ሰጥቼ ሜክ አልኩት። የተሠራውን እንደገና አይሠራም፤ የተነካውን ብቻ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ፋይል ሲሠራ ሲሲ፣ ሲሲ እያለ የሚወርደውን መስመር ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ሞጁሎቹን ጫንኩ፣ አዲሱን ሞድፕሮብ በሚባለው ትዕዛዝ ከርነሉ ውስጥ አስገባሁት። ሪስታርት እንኳ አላስፈለገም። ዝርዝሩ ላይ ከላን ካርዱ ሥር በኢኤንኤክስ የሚጀምር ረጅም ስም ብቅ አለ። ስልኬ ነው።

ሰርቨሩ ላይ የነበረው ችግር ቀላል ነበር። ሎግ ፋይሎች፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚሠራውን የሚመዘግብባቸው ፋይሎች፣ ዲስኩን ሞልተውት ነው። አጸዳሁት፣ ደረሰኝ መውጣት ጀመረ። አሥር ደቂቃ ያልኩት አርባ ሆኗል። ሰኞ ለአለቃዬ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩለት፤ ሰርቨሩን ለብቻ፣ የእኔን መዘግየት ለብቻ።

የዚያኑ ቅዳሜ ከሰዓት በስልኩ ኢንተርኔት የኡቡንቱን ከርነል መልሼ ጫንኩ። ከዚያ የራሴን እንደገና ለመሥራት ተነሳሁ። አሁን ግን ትዕዛዙን ከመስጠቴ በፊት ስልኩን፣ ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰካሁ። የዩኤስቢ ድራይቨሮቹ እንዳይወጡም «ኤልኤምሲ ኪፕ» የሚለውን አብሬ ጻፍኩ። ስጭን ስትሪፕ አደረግኩት። ማታ ላይ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ግረብ ሜኑው ላይ ሁለቱም ከርነሎች ከላይና ከታች ተደርድረው አሉ። መጀመሪያ የኡቡንቱን መርጬ መነሳቱን አረጋገጥኩ።