ደቻቱን ሁለቴ የሚሻገር ትራፊክ፦ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ፈጣን ኔትወርክ እንዴት እንደዘረጋሁ

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ የሚኖር ሰው እዚያው ከዚራ ያለ ጎረቤቱን ለመጠየቅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ መጋላ ደርሶ አይመለስም። ድሬዳዋ ያለው ሰርቨራችን ላይ ግን አፕሊኬሽኑና ዳታቤዙ የሚገናኙት በዚህ ዓይነት ነበር። ሁለቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚሠሩ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች) ናቸው። በተለያየ ቪላን (በሶፍትዌር ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ስለተቀመጡ እያንዳንዱ ጥያቄ በኔትወርክ ካርዱ ይወጣል፣ በስዊቹ ያልፋል፣ ራውተሩ ጋ ይደርስና በዚያው ኬብል ይመለሳል። መልሱም እንደዚያው። ኬብሉን አይፐርፍ 3 በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ስለካው 941 ሜጋቢት በሰከንድ ሰጠኝ። ባለ 1 ጊጋቢት መስመር በ1500 ባይት ኤምቲዩ (በአንድ ፓኬት የሚያልፈው ትልቁ መጠን) ለቲሲፒ ሊሰጥ የሚችለው ጣሪያ ይኸው ስለሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። የተበላሸው አቅጣጫው ነበር።

የሜይንፍሬም (ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ግዙፍ ኮምፒውተር) ሰዎች ይህን ጣጣ ከፈቱት ቆይቷል። አይቢኤም በ2001 እ.ኤ.አ. ለዜድ 900 ሜይንፍሬሙ ያወጣው ሃይፐርሶኬትስ ኤልፓር የሚባሉትን የሰርቨሩን ክፍልፋዮች ያለ ካርድ፣ ያለ ኬብልና ያለ ስዊች ያገናኛል። ዳታው ከአንዱ ክፍልፋይ ሜሞሪ ወደ ሌላው ሜሞሪ ይገለበጣል፣ በቃ። የፍሬሙ (በአንዴ የሚገለበጠው ጥቅል) መጠን 16፣ 24፣ 40 ወይም 64 ኪሎባይት እንዲሆን ይመረጣል፤ ኤምቲዩውም በዚያው ቅደም ተከተል 8፣ 16፣ 32 ወይም 56 ኪሎባይት ይሆናል። ግልበጣውን የሚሠራው የላኪው ፕሮሰሰር ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኛ ጋ ሜይንፍሬም የለም። ያለን ባለ ሁለት ሶኬት (ሁለት ፕሮሰሰር የሚሰካበት) ተራ ሰርቨር ነው፤ ሊኑክስ፣ እንዲሁም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬዱትና የሚያስተዳድሩት ኬቪኤም እና ሊብቨርት ይሠሩበታል። ሐሳቡ ግን ሳይቀየር ይሠራል፦ ከምንም ካርድ ጋር ያልተያያዘ ብሪጅ (በሶፍትዌር የሚሠራ ስዊች) ሠርቶ ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለተኛ ካርድ በእሱ ላይ መስጠት።

በሊብቨርት ይህ አጭር ፋይል ነው። የኔትወርኩ ስም፣ የብሪጁ ስም፣ ሌላ ምንም። ፎርዋርድ የሚለው መስመር ካልተጻፈ ኔትወርኩ ወደ ውጭ አይወጣም። አይፒ የሚለው ካልተጻፈ ደግሞ አስተናጋጁ ሰርቨር ራሱ አድራሻ ስለማይኖረው ከማሽኖቹ አንዱ ቢጠለፍ በዚህ በር ወደ አስተናጋጁ መድረሻ የለም። አድራሻ በራሱ የሚያድለው ዲኤችሲፒም አይኖርም፤ ለአራት ማሽን አያስፈልግም። አድራሻዎቹን ከ10.77.0.0/24 በእጄ ሰጠሁ፤ ከነባሮቹ ቪላኖች ጋር የማይጋጭ ክልል ነው። በዚህ ካርድ ላይ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው አድራሻ) አይጻፍም። አንድ ማሽን ላይ በልማድ ተጽፎ ነበር፤ ሁለት ነባሪ መንገድ ስለተፈጠረ ማሽኑ ከውጭ መገናኘቱን አቆመ።

የካርዱ ዓይነት ቨርቲዮ (ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ የተሠራው) መሆን አለበት። ከድሮ ኢሜጅ የመጣ ማሽን ኢ1000 የሚባለውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። እሱ የእውነተኛ ካርድ አምሳያ ነው፤ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሶፍትዌር ማስመሰል ስላለበት ፕሮሰሰር ይበላል፣ ፍጥነትም አይሰጥም። ማሽን ኮፒ ተደርጎ ከተሠራ የማክ አድራሻውንም (የካርዱን መለያ ቁጥር) እዩ፤ ሁለት ማሽኖች አንድ ማክ ከያዙ ብሪጁ ማን የት እንዳለ ይምታታበታል፣ ግንኙነቱም ይመጣል ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፒንግ (ማሽን መድረስ አለመድረሱን መሞከሪያው ትእዛዝ) መለሰ፤ አፕሊኬሽኑ የሚያወጣቸው ሪፖርቶች ግን ያው ዘገምተኛ ነበሩ። አፕሊኬሽኑ የዳታቤዙን አድራሻ በቁጥር ጽፎ ይዞታል፤ አዲሱን መንገድ የሚጠቀምበት አልነበረም። በአፕሊኬሽኑ ማሽን ሆስትስ ፋይል (ስምን ከአድራሻ የሚያዛምደው) ላይ የዳታቤዙን ስም ከ10.77 አድራሻ ጋር አስገባሁና በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ቁጥሩን በስሙ ተካሁት። ከዚያ ዳታቤዙ፣ ፖስትግሬስ፣ በአዲሱ አድራሻም እንዲያዳምጥ ማድረግ ነበረብኝ፤ ይህ ሪስታርት ይጠይቃል፣ ማደስ ብቻ አይበቃውም። የተፈቀዱ አድራሻዎች ፋይል ላይም አዲሱን ክልል መጨመር አለባችሁ። ትራፊኩ በትክክል መዞሩን ያረጋገጥኩት በአሮጌው ካርድ ላይ ያለውን የባይት ቆጣሪ አይቼ ነው፤ ሪፖርት ሲከፈት ቆጣሪው ካልዘለለ መንገዱ ተቀይሯል።

ፍጥነት ሲባል ሰው የሚያስበው ጊጋቢት ነው። የእኛን ሰዎች ያስመርር የነበረው ግን የምልልስ ጊዜ ነው። አንዱ ሪፖርት ሲከፈት አፕሊኬሽኑ 3000 ገደማ ትናንሽ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ይልካል። በራውተሩ በኩል አንድ ምልልስ 0.5 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ መንገድ ላይ ብቻ 1.5 ሰከንድ ይጠፋል። በውስጥ ኔትወርኩ ምልልሱ ወደ 0.15 ሲወርድ የ3000ው ድምር ከግማሽ ሰከንድ ያንሳል። ጥያቄዎቹን አሰባስቦ በአንዴ መላክ የበለጠ ይጠቅም ነበር፤ ኮዱ ግን የእኛ አይደለም።

አሁን ወደ ኤምቲዩ። ሃይፐርሶኬትስ ላይ ትልቅ ኤምቲዩ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ እኔም ያንን ይዤ 9000 ላድርገው አልኩ። ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚቀመጠው ሦስት ቦታ ነው፦ በማሽኑ ውስጥ ባለው ካርድ፣ አስተናጋጁ ላይ ባለው የካርዱ ሌላ ጫፍ (ታፕ የሚሉት) እና በብሪጁ ላይ። እኔ ማሽኖቹ ውስጥ 9000 ጻፍኩ፣ የኔትወርኩንም ፋይል አስተካከልኩ። የፋይሉ ለውጥ ግን ኔትወርኩ ወርዶ እስኪነሳ አይሠራም፤ ታፖቹና ብሪጁ በ1500 ቀሩ።

ምልክቱ ግራ ያጋባል። ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል። ስንት ረድፍ አለ ለሚለው መልስ ይመጣል። 40 ረድፍ የሚያወጣው ጥያቄ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሙሉ ቴብሉን ማውጣት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል! ትልቁ አልፎ መካከለኛው የሚቀርበት ምክንያት ይህ ነው፦ ቨርቲዮ ካርድ ትልቅ ዳታ ሲሰጠው ሳይቆርጠው እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ አንድ ላይ ለአስተናጋጁ ያስረክባል፤ ብሪጁም እንዲህ ገና ሊቆረጥ ያለ ጥቅል ሲመጣበት መጠኑን ሳይመረምር ያሳልፋል። መልሱ 4 ኪሎባይት ሲሆን ግን በ9000 ውስጥ እንደ አንድ ተራ ፓኬት ይሄዳል። ብሪጁ ከ1500 መብለጡን ያይና ይጥለዋል፣ ለላኪውም አይናገርም። መሞከሪያው ፒንግ ነው፤ እንዳይቆራረጥ አዝዛችሁ በ8972 ባይት ላኩ። 8972 ሲደመር 8 የአይሲኤምፒ (ፒንግ የሚጠቀምበት ፕሮቶኮል)፣ ሲደመር 20 የአይፒ ራስጌ 9000 ይመጣል። በተራ ፒንግ ብቻ ኔትወርኩ ደህና ነው ማለት እዚህ አይሠራም።

ካስተካከልኩት በኋላ የተገኘው ጭማሪ ከልፋቱ ያነሰ ሆነ። ዳታው አስቀድሞ በ64 ኪሎባይት ጥቅል ስለሚተላለፍ ኤምቲዩው 1500 ይሁን 9000 ለትልቅ ዝውውር ልዩነቱ ጠባብ ነው። ዛሬ ብጀምረው 1500 ላይ እተወው ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ። በማሽኑ ውስጥ ትራፊኩን ፓኬቶችን በሚያሳየው ቲሲፒደምፕ ስታዩ ቼክሰም (የፓኬቱ ማረጋገጫ ቁጥር) ተሳስቷል የሚል ይደረደራል። ስህተት አይደለም። ፓኬቱ ኬብል ስለማይነካ ቼክሰሙን የሚያሰላው የለም፣ ተቀባዩም ይህን ያውቃል። ይህን አይቶ የደነገጠ ሰው ኦፍሎዱን (ቼክሰም ማስላትንና ዳታ መቁረጥን ለካርዱ የሚተወውን ቅንብር) ካጠፋው ያ የ64 ኪሎባይት ጥቅል አብሮ ይጠፋል፣ ፍጥነቱም ይወድቃል።

ኔትወርኩን አውርዶ ማስነሳት ራሱ ወጥመድ አለው፤ ሥራ ላይ ያሉት ማሽኖች ከብሪጁ ይላቀቃሉ። ካርዳቸው እንደተገናኘ ያሳያል፣ ታፑ ግን ብሪጁ ላይ የለም። ማሽኖቹን አጥፍቶ ማስነሳት ወይም ታፖቹን በእጅ መልሶ ማያያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሥራ ሰዓት ላይ አይነካም።

ሌላው ያደከመኝ የኮንቴይነር ጉዳይ ነው። አስተናጋጁ ላይ ኮንቴይነር ማስኬጃ ሲጫን የብሪጅ ኔትፊልተር የሚባለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሞጁል አብሮ ሊነሳ ይችላል። ያኔ በብሪጅ የሚያልፈው ትራፊክ ሁሉ በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ ፋየርዎል) ይመረመራል፣ የማስተላለፊያው ሕግ ደግሞ ጣል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መለያው፦ የጎረቤቱ ማክ በኤአርፒ ሠንጠረዥ (አይፒን ከማክ ጋር የሚያዛምደው) ላይ ይታያል፣ ፒንግ ግን አይመልስም። ኤአርፒ አይፒ ስላልሆነ ያልፋል፤ አይፒው ይቀራል። ብሪጁ አይፒቴብልስን እንዲጠራ የሚያደርገውን የከርነል መለኪያ ዜሮ አደረግሁት፤ ከሪስታርት በኋላም እንዲቆይ በፋይል ጻፍኩት።

ወደ ፕሮሰሰሩ ልመለስ። ሃይፐርሶኬትስ ላይ ግልበጣው የላኪውን ፕሮሰሰር እንደሚበላ ሁሉ እዚህም ቪሆስት የሚባሉ የከርነል ሠራተኞች ይበሉታል። ባክአፕ በውስጥ ኔትወርኩ ሲያልፍ አስተናጋጁ ላይ ቶፕ (የፕሮሰሰር አጠቃቀም ማሳያውን) ብትከፍቱ አንድ ቪሆስት አንድ ሙሉ ኮር ይዞ ታገኙታላችሁ። በፊት ኬብሉ ያዘገየው ስለነበር አይታይም ነበር። ካርዱ ላይ የወረፋዎቹን ብዛት ለማሽኑ ከተሰጡት ፕሮሰሰሮች ጋር እኩል ማድረግ ብዙ ግንኙነት ሲኖር ይረዳል፤ ለአንድ ነጠላ ግንኙነት ምንም አይፈይድም። በቆየ ከርነል ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወረፋዎቹን ማብራትም ያስፈልጋል። አፕሊኬሽኑንና ዳታቤዙን በአንድ ሶኬት ላይ ማሰር ደግሞ ዳታው በሁለቱ ሶኬቶች መካከል እንዳይመላለስ ያደርጋል።

ድሬዳዋ ላይ መብራት መሄዱ አይቀርም፤ ዩፒኤሱ ካለቀ ሰርቨሩ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ራሱን እንዲያስነሳ ካልታዘዘ ማሽኖቹ ኔትወርኩ አልተነሳም ብለው አይነሱም፤ አንድ ትእዛዝ ናት፣ ትረሳለች። ብሪጁን በእጅ የሠራ ሰው ኤስቲፒ (ትራፊክ ዙር ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከለውን ፕሮቶኮል) ካበራ ደግሞ እያንዳንዱ ካርድ 30 ሰከንድ ሳያስተላልፍ ይቆያል። ዳታቤዙን የሚፈልገው አፕሊኬሽን በዚያች 30 ሰከንድ ውስጥ ተነስቶ፣ ዳታቤዝ አጣሁ ብሎ ይዘጋል። ውስጥ ሌላ መንገድ ስለሌለ ዙር አይፈጠርም፤ ኤስቲፒውን አጠፋሁት።

ይህ ኔትወርክ ከሣጥኑ አይወጣም፤ ማሽኑን ወደ ሌላ ሰርቨር ያዛወረ ሰው ሁለተኛው ካርዱ ባዶ ይሆንበታል። ባክአፑም ከዳታቤዙ እስከ ባክአፕ ማሽኑ በውስጥ ይሄዳል፣ ከዚያ ግን በአሮጌው ኬብል ወጥቶ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ሁለተኛ ክፍል ይገለበጣል። ዘገምተኛ ነው፣ ሌሊቱን ይፈጃል፣ እንዲያም ሆኖ አልነካሁትም።