የቆየ የጃፓን ነሐስ ማጨሻን ቀለሙን ሳይነኩ ማጽዳት

የዕጣን ማጨሻው ከነክዳኑ 27 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ 3.1 ኪሎ ነው። ሦስት እግርና ሁለት ጆሮ አለው። ክዳኑ ጭስ በሚያወጡ ቀዳዳዎች ተፈልፍሏል፤ በላዩም እንደ ጉልላት አንበሳ ተቀምጧል። ጃፓኖች ዕቃውን ኮሮ፣ አንበሳውን ሺሺ ይሉታል። በሆዱ ዙሪያ ከማዕበል የሚወጣ ባለ ሦስት ጥፍር ዘንዶ ጎላ ብሎ ተቀርጿል። በፊት ለፊቱ ቅርንጫፍ ላይ ያረፉ ሦስት ድንቢጦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከተለያየ ብረት ተቆርጠው በነሐሱ ውስጥ ገብተዋል። እጄ ሲገባ ከውስጥ አመድ ተጋግሮበት፣ ከውጭ ጥላሸትና ሙጫ ለብሶ ነበር። ሥራው በአጠቃላይ ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ማጽዳቱ ግን የወሰደው አራት ቀን ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ያለቀው በማየት፣ በመመዘንና በመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ብረቱን አጣራሁ። በአማርኛ ነሐስ ስንል መዳብና ቲን የተቀላቀለበትንም፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበትንም ማለታችን ነው፤ ለጽዳቱ ይህ ልዩነት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከዚንክ ፈስሶ ላዩ ቡናማ የተቀባው ርካሽ ዕቃ ነው፤ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። መለያው የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ክዳኑን ለብቻው ስመዝነው 412 ግራም ሆነ። ከዚያ ውሃ ያለበት ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስኩ፤ ክዳኑን በቀጭን ክር አንጠልጥዬ የሳህኑን ታችና ጎን ሳያስነካ ሙሉ በሙሉ አጠለቅሁት። ሚዛኑ 48 አሳየ። 412 ለ48 ሲካፈል 8.58 ይመጣል፤ ብረቱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማለት ነው። መዳብ የበዛባቸው ቅይጦች ከ8.4 እስከ 8.9 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ዚንክ 7.1 ስለሆነ ያው ክብደት ያለው የዚንክ ክዳን 58 ገደማ ያሳይ ነበር። በቀዳዳዎቹ ውስጥ አየር እንዳይቀር በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ብቻ ቢቀር ውጤቱ ወደ 8.1 ይወርድና ያሳስታል። ሆዱን ግን ውሃ ውስጥ አልከተትኩትም። እግሮቹ ክፍት ናቸው፣ ውስጣቸውም ነሐሱ ቀልጦ ሲፈስባቸው የነበረው የሸክላ እምብርት አልወጣም። ሸክላው ልኩን ያበላሻል፤ ከዚያም የከፋው የጠጣውን ውሃ ለሳምንታት ይዞ ነሐሱን ከውስጥ መብላቱ ነው።

የተሠራው በሰም ነው። ቅርጹ በሰም ይወጣል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ብረቱ በቦታው ይገባል። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ጥበብ ስለሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በአንበሳው ሆድ ውስጥ ሰሙን የጫነው ጣት አሻራ ዛሬም ይታያል፤ የሁለት ግማሽ ቅርጽ መጋጠሚያ መስመር ግን የትም የለም።

ከስሩ ያለው ማኅተም ስድስት የቻይና ፊደላት ናቸው፤ የሚንግ ሥርወ መንግሥት የሹዋንዴ ዘመን ይላሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1426 እስከ 1435 ማለት ነው። ይህን አምኖ ዕድሜ መቁጠር ትልቅ ስህተት ነው። የዚያ ዘመን ማጨሻዎች ዝና ስላላቸው የቻይናም የጃፓንም ቀላጮች ማኅተሙን ከዘመናት በኋላ ሲያትሙት ኖረዋል፤ ጃፓኖች ፊደሉን ሴንቶኩ ብለው ያነቡታል። እኔን ወደ ጃፓን የመራኝ ድንቢጦቹ የተሠሩበት ብረት ነው፤ ወደ ሜይጂ ዘመን (1868–1912) ያስጠጋኝም ጌጡ ነው። በ1876 መንግሥት ሰይፍ መታጠቅን ለአብዛኛው ሰው ሲከለክል፣ የሰይፍ እጀታና ጌጥ ይሠሩ የነበሩ አንጥረኞች ያን ረቂቅ ሥራ ወደ ማጨሻና ወደ አበባ ማስቀመጫ አዞሩት፤ ገበያቸውም አውሮፓና አሜሪካ ሆነ። ሱዙኪ ቾኪቺ ለ1878ቱ የፓሪስ ኤክስፖዚሽን የሠራው ግዙፍ የነሐስ ማጨሻ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ስለ ድንቢጦቹ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ የተሳሳትኩት እዚያ ነውና። በስተቀኝ ያለው ወፍ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ ብረቱ ሻኩዶ ይባላል፣ መዳብ ላይ ጥቂት ወርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ተጨምሮበት የተሠራ። በስተግራ ያለው ንጹህ ብር ነው። መካከለኛው ሺቡኢቺ ነው፤ ትርጉሙ «ከአራት አንድ» ሲሆን ሦስት እጅ መዳብና አንድ እጅ ብር ማለት ነው። ሻኩዶም ሆነ ሺቡኢቺ ከእሳት ሲወጡ መዳብ መሳይ ናቸው። ጥቁሩና ግራጫው የሚመጣው ዕቃው ተወልውሎ፣ ሮኩሾ በሚባል የመዳብ ጨዎች ውሃ ውስጥ ሲፈላ ነው። ቀለሙ ቅብ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ያበቀለው እጅግ ስስ ቆዳ ነው። አንጥረኛው በብሩሽ ፋንታ በቅይጥ ሥሏል።

ይህን በቅጡ ሳላውቅ መካከለኛውን ወፍ የጠቆረ ብር መሰለኝ። ነጭ ጠመኔ አድቅቄ፣ በአልኮል ለውሼ፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ላይ በጠቀለልኩት ጥጥ ክንፉን አሸሁት። ሃያ ሰከንድ ያህል ነበር። ከጥጡ ጋር ግራጫው ተነስቶ ከስሩ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ቀላ ያለ መዳብ ብቅ አለ። ያ ነጥብ አሁንም አለ። ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ወፉን ሙሉ በሙሉ ወልውሎ እንደገና ማፍላት ነው፤ ያ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ነሐስና የሌሎቹን ወፎች ቀለም ይነካል። ስለዚህ ትቼዋለሁ። ብሩን ከሺቡኢቺ የሚለየው በአሥር እጥፍ ሌንስ ሲታይ ነው፦ የጠቆረ ብር ጫፍ ጫፉ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ያሳያል፣ ጎላ ባለው ቦታ ደግሞ እጅ ስለነካው ይነጣል፤ ሺቡኢቺ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ነሐስ በሎሚና በአመድ እየታሸ በሚያበራበት ቤት ላደገ ሰው ይህን መቀበል ከባድ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ፣ የብረት መወልወያ ክሬም፣ ሁሉም ይህን ቆዳ ይበላሉ።

ጽዳቱን በደረቅ ጀመርኩ። በለስላሳ የፍየል ጠጉር ብሩሽ አቧራውን እያራገፍኩ፣ አፉ በሻሽ በታሰረ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሳብኩት። ሻሹ የሚያስፈልገው የተላቀቀ የብር ቁራጭ ቢነሳ እንዳይጠፋ ነው። የተጋገረውን አመድ በቀርከሃ እንጨት ፈለቀቅሁ፤ ብረት አላስነካሁትም። ውሃው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ነው፣ ከፋርማሲ የተገዛ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን አለመጠቀም ይሻላል፤ በተመሳሳይ ጠርሙስ አሲዱም ይሸጣልና።

በላዩ የነበረው ሙጫ አንድ ቀን ሙሉ አስቸገረኝ። በአልኮል ይለሰልስና ግማሹ ይቀራል። ምክንያቱ ዕጣን ሁለት ነገር መሆኑ ነው፦ ሬዚኑ በአልኮል ይሟሟል፣ ሙጫው በውሃ። በመጨረሻ እያፈራረቅሁ ሠራሁ፤ መጀመሪያ 96 በመቶ አልኮል በጥጥ፣ ከዚያ በሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ኖን አዮኒክ (የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ገር) ሳሙና የገባበት፣ ቀጥሎ ንጹህ ውሃ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። ጥጡ ይንከባለላል እንጂ አይታሽም። ከመጀመሬ በፊት በክዳኑ ከንፈር ስር የምስር ፍሬ በሚያህል ቦታ ሞከርኩ፤ አንዳንድ የጃፓን ነሐስ ቡናማነቱን የሚያገኘው ላከር ከሚባል ቅብ ነውና። ጥጡ ቡናማ ሲሆን ቆሻሻ ይሁን ቀለም ለማወቅ ሦስት አራት ጥጥ መቀያየር በቂ ነው። ቆሻሻ ከሆነ እያንዳንዱ ጥጥ ከቀደመው ይነጣል። ቀለም ከሆነ ሁሉም እኩል ይጠቁራል፣ ነሐሱም ይቀላል፤ ያኔ ወዲያው ማቆም ነው። ድንቢጦቹ አካባቢ ጥጥ አልተጠቀምኩም፤ ቃጫው የቅርንጫፉን ቀጭን የብር ሽቦ ጫፍ ይዞ አንስቶብኛል። እዚያ የሚሻለው ትንሽ የሥዕል ብሩሽ ነው።

ከአመዱ ስር፣ እግሮቹ ከሆዱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ። ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ ዝገት አያሰጋም፤ በጥፍር ሲነኩት የሚራገፍ ፈዛዛ ዱቄት ግን ክሎራይድ ነው፤ እርጥበትና አየር ባገኘ ቁጥር መዳቡን እየበላ ይቀጥላል። የእንጨት አመድ ጨዋማ ስለሆነና ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ አመድ ሞልቶ ለዓመታት የተቀመጠ ማጨሻ በዚህ ይታመማል። ዱቄቱን በቀርከሃ ጫፍ በሌንስ እያየሁ አነሳሁ፤ ከዚያ ማጨሻውን 20 ሊትር በሚይዝ ጥብቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከ400 ግራም ደረቅ ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) እና ከእርጥበት መለኪያ ጋር ዘጋሁበት። እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች መቆየት አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ነጥቦች ተመለሱ፤ እንደገና አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ አልታዩም። ቢደጋገም ኖሮ ዝገቱን የሚገታ ቤንዞትራያዞል የሚባል ኬሚካል ያስፈልገው ነበር፤ ያ መርዛማ ስለሆነ የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው።

አንበሳው ከክዳኑ ጋር የተያያዘው በአንድ ሚስማር ነው፤ ሚስማሩ ላልቶ ይሽከረከር ነበር። ብየዳ ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚለውጥ በአሴቶን የሚፈታውን ፓራሎይድ ቢ-72 በጠብታ አስገባሁ። ይህ ማጣበቂያ 40 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ክዳኑ ከአሁን በኋላ የሚሞቅ ዕቃ አይደለም።

ማጠቢያው ከደረቀ በኋላ ማይክሮክሪስታላይን ሰም (ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ መከላከያ ሰም) ቀባሁ። የመጀመሪያው ቅብ በዝቶ በማዕበሎቹ ስንጥቅ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ በዋይት ስፒሪት (ቀለም ማቅጠኛ) እና በብሩሽ አወጣሁት። ሁለተኛውን ጊዜ ነሐሱን በፀጉር ማድረቂያ እጅ እስኪሞቀው ብቻ አሞቅሁ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ሰም ለሆዱ ሁሉ በቃ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በጥጥ ጨርቅ ጠረግሁት። የተጣበቀውን ክዳን ሳላሞቅ ቀባሁት።

ዕጣን ልታጨሱበት የምትፈልጉ ካላችሁ የጃፓኖቹን አያያዝ ልብ በሉ። እኛ ዕጣኑን በቀጥታ ፍም ላይ እንጥላለን፤ ለሸክላ ማጨሻና ለጽና ይስማማል። እነሱ በሽቶ ሥርዓታቸው ፍሙን በአመድ ይቀብሩና በላዩ ሚካ ከሚባል ሙቀት የሚችል ማዕድን የተሠራ ስስ ሰሌዳ ያስቀምጣሉ፤ በዚያ ላይ ጂንኮ፣ ዓረቦቹ ዑድ የሚሉት እንጨት፣ ሳይቃጠል ይሞቃል። ነሐሱ ፍሙን አይነካም። በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ ፍም በቀጥታ ቢቀመጥ የእግሮቹ የእርሳስና የቲን ብየዳ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ እስከ ሁለት ሦስተኛው የተነፋና የደረቀ አመድ፣ አንድ ትንሽ ፍም መሃል ላይ፣ ክዳኑ ወደ ጎን ተቀምጦ፤ ሲበርድ አመዱን በሙሉ አውጥቶ ውስጡን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነው።