ጠዋት የተለካው አንጎልና ከሰዓት የተለካው

የመመረቂያ ሥራዬን ድሬዳዋ ውስጥ ግንቦት ላይ ጀመርኩ። ኢንዛይም ለሚለካ ሰው ከዚህ የባሰ ወር የለም። ያኔ ግን አላሰብኩትም። ጥያቄዬ ላይ ብቻ ነበርኩ፦ አሉሚኒየምና አልኮል አንድ ላይ ሲገቡ የአይጥ አንጎል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ምን ይሆናሉ?

24 አይጦች ነበሩኝ፣ በ4 ምድብ ስድስት ስድስት። አንዱ ምድብ ውሃ ብቻ ጠጣ። ሌላው አሉሚኒየም ክሎራይድ፣ ሦስተኛው አልኮል፣ አራተኛው ሁለቱንም ወሰደ። በዋናነት የምለካው አሴቲልኮሊንኢስትሬዝን ነበር። ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያቀብልበት አሴቲልኮሊን ሥራውን እንደጨረሰ መጠረግ አለበት። ጠራጊው ይህ ኢንዛይም ነው፤ አንዱ ብቻ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎችን ይሰብራል። የለካሁት ኤልማንና ባልደረቦቹ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ዘዴ ነው። ኢንዛይሙ ሲሠራ ፈሳሹ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ የቢጫውን ፍጥነት በ412 ናኖሜትር ታነበዋለህ።

ካታሌዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይምም ጨምሬ ነበር። ጉበት ውስጥ አልኮልን የሚፈጨው ዋናው ኢንዛይም አንጎል ውስጥ እምብዛም የለም። እዚያ አልኮልን ወደ አሴታልዲሃይድ በመለወጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ካታሌዝ ነው። ለዚህ ነው ልተወው ያልፈለግኩት።

ስህተቴ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ምድብ በምድብ ሠራሁ። ውሃ የጠጡትን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሁለቱንም የወሰዱት ተራ ሲደርስ 9 ሰዓት ሆኗል። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። በረዶዬ ቀልጦ የተፈጨው አንጎል ያለባቸው ቱቦዎች ውሃ ላይ ይንሳፈፉ ነበር። እኔም ደክሞኛል፤ ቶሎ ቶሎ ለክቼ ጨረስኩ።

ውጤቱ ግን በጣም ያምር ነበር። ግራፉ እንደ ደረጃ ይወርዳል፦ ውሃ የጠጡት ከላይ፣ ሁለቱንም የወሰዱት ከታች። በደስታ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«የመጨረሻውን ምድብ ስንት ሰዓት ላይ ለካኸው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንጎል ሲፈጭ ፕሮቲን የሚበሉ ሌሎች ኢንዛይሞችም አብረው ይለቀቃሉ። ቅዝቃዜ ነው የሚይዛቸው። በረዶው ከቀለጠ የምትለካው ነገር እጅህ ላይ እያለ ያልቃል። በማግስቱ ውሃ ከጠጡት አይጦች የተረፈኝን ናሙና ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን በረዶ ላይ፣ ግማሹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ክፍሉ 34 ዲግሪ ነበር። የጠረጴዛው ናሙና ወረደ፤ ያውም አሉሚኒየምም አልኮልም ሳይነካው። የኮራሁበት ደረጃ የድሬ ሙቀት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የእንስሳቱ ሕይወት በከንቱ ማለፉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሁለተኛውን ዙር በሌላ መንገድ ሠራሁት። በለካሁ ቁጥር ከአራቱም ምድብ አንድ አንድ አይጥ ወሰድኩ። የትኛው ቱቦ የማን እንደሆነ እንዳላውቅ ጓደኛዬ ቁጥር ሰጠልኝ፤ ዝርዝሩን ያየሁት ለክቼ ስጨርስ ነው። ናሙና የሌለበት ቱቦም ሁልጊዜ አብሬ ለካሁ፤ ኬሚካሉ በሙቀት ራሱ እየተሰበረ ቢጫ ስለሚሆን ያ መቀነስ አለበት። ፕሮቲኑን በዚያው ቀን ለካሁ። ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። አሉሚኒየም ክሎራይድ ውሃን አሲድ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ የሚጠጡትም ያንኑ ያህል አሲድ ያለው ውሃ መጠጣት ነበረባቸው። አልኮል የሚጠጡት ደግሞ ምግብ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ክብደታቸውን በየቀኑ መዘንኩ።

ያ ትልቅ ልዩነት አልተደገመም። ጠበበ። መጀመሪያ ከፋኝ፣ በኋላ ግን ሌሎች የታተሙ የእንስሳት ጥናቶችን ሳነብ አንዳንዱ አሉሚኒየም ይህን ኢንዛይም ያዳክማል ሲል፣ ሌላው ከፍ ያደርገዋል ይላል። መጠኑም፣ ጊዜውም፣ የአንጎሉ ክፍልም ይለያያል። የእኔን ጠባብ ልዩነት እንዳለ ጻፍኩት።

በረዶውን የምገዛው «ከፊራ» በሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ በላስቲክ ውሃ አቀዝቅዘው ከሚሸጡ እናት ነበር። አንድ ቀን «አቦ፣ ይሄ ሁሉ በረዶ ለምንህ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ብረት ድስቴን ልጣለው?»

ድስታቸው አሉሚኒየም ነው። አይ አልኳቸው። ከምንውጠው አሉሚኒየም ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የገባውንም ጤነኛ ኩላሊት ያስወጣዋል። አደጋው የታየው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የኩላሊት እጥበት ውሃ ውስጥ የነበረ አሉሚኒየም የታካሚዎችን አንጎል ጎድቶ ነበር። ድስቱ ውስጥ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥ እንዳያሳድሩ ብቻ ነገርኳቸው። አሲድና ጨው ብረቱን ይበላዋል።

ዝም ካሉ በኋላ ስለ ወንድማቸው አወሩኝ። ከምሳ በፊት አረቄ ይጀምራል፣ እህል አይቀምስም። ይሄኛው ነው ያስፈራኝ። ብዙ አልኮል የሰውነትን ቫይታሚን ቢ1 ያሳጣል፤ ያለ እሱ ደግሞ አንጎል ስኳርን ለመጠቀም የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች ሥራ ያቆማሉ። መንገድ ላይ ሲንገዳገድ ወይም ነገር ሲምታታበት ስካር ነው ብለው አይለፉት፣ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፣ ሐኪሙ ቢ1 ይሰጠዋል አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በረዶዬን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለብቻ ያስቀምጡልኝ ነበር፣ በጆንያ ጠቅልለው።