እንኳን አደረሳችሁ፤ ስለ ተራሮቹም ጥቂት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዓድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ አደረሰን።

በየዓመቱ የካቲት 23 ስለ ንጉሡና ስለ ንግሥቲቱ፣ ስለ ፈረሱና ስለ ጎራዴው ስንጽፍ እንውላለን። እኔም ጽፌያለሁ። ዘንድሮ ግን ልቤ ያለው መሬቱ ላይ ነው፤ ሶሎዳ፣ ራዕዮ፣ ሰማያታ፣ ማርያም ሸዊቶ።

የጣሊያን ጦር ከተሸነፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የተሳሳተ ካርታ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኒ በሌሊት ገስግሶ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ካርታው በዚህ ስም የሚጠራው ኮረብታ ሌላ፣ የአገሩ ሰው በዚህ ስም የሚያውቀው ሌላ ሆነ። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ከፊት እንደሆነ ሲነግሩት ወደዚያው ቀጠለ፤ ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። ሊረዳው የተላከው ጄኔራል ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባና እዚያው ቀረ። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። አንዱ ብርጌድ የሌላውን መከበብ ለምን እንዳላየ የሚያስረዳው ግን የተራሮቹ አቀማመጥ ነው። ጉብታው ለጠጠር ከተናደ፣ ሸለቆው በሕንፃ ከተሞላ «አሸነፍን» የሚለው ይቀርልን ይሆናል፤ «እንዴት» የሚለው ግን አብሮ ይደለደላል።

አንድ ግጥምጥሞሽ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከዓድዋ ጦርነት 34 ቀን በፊት፣ ጥር 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ትልቅ ውጊያ ስለተካሄደበት ስለ ጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ፍርድ ሰጠ። አንድ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሜዳውን ድንጋይ ማፈንዳት ጀምሮ ነበር። መንግሥት ካሳ ከፍሎ መሬቱን ልውሰድ ሲል ኩባንያው «የጦር ሜዳ መጠበቅ ምን የሕዝብ ጥቅም አለው?» በሚል ተከራከረ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ አለው አሉ። ውጊያው ከተካሄደ ገና 33 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ፍርዱ ነገሩን አልቋጨውም። ማናሳስ በተባለው ሌላ የዚያው ጦርነት ሜዳ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1988 የገበያ ማዕከል ሊሠራ ሲል የአሜሪካ ምክር ቤት መሬቱ እንዲገዛ አደረገ። በ1994 ዲስኒ በአካባቢው ያቀደውን የመዝናኛ ፓርክ ተቃውሞ ሲበዛበት ተወው። በ2023 ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ከሜዳው ጎን ግዙፍ የዳታ ማዕከል እንዲሠራ ፈቀደ፤ ያም ፍርድ ቤት ደረሰ።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ናፖሊዮን የተሸነፈበት የቤልጂጉ ዋተርሎ ነው። እዚያ ሜዳውን ያበላሸው መታሰቢያው ራሱ ነው። ውጊያው በተካሄደ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ለአንበሳው ሐውልት ሰው ሠራሽ ኮረብታ ለማቆም፣ የእንግሊዙ አዛዥ የዌሊንግተን ወታደሮች ቆመውበት ከነበረው ተረተር አፈር ተዛቀ። ቤልጂግ ሜዳውን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ ተረተሩ ከተላጨ በኋላ መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ስናይ ይህን ባንረሳ ደስ ይለኛል። መታሰቢያውን መንቀፌ አይደለም፤ የዓድዋን ኮረብታ ተክቶ ሊቆም ግን አይችልም።

አፈሩም ቢሆን ገና ያልተነበበ ነገር ይዟል። አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን የተባለው የጦር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1983 የሣር ቃጠሎ ከደረሰበት በኋላ አጥኚዎች የብረት መፈለጊያ ይዘው የጥይት ቀለሃ ለቀሙ፤ እያንዳንዱ የተገኘበትን ነጥብ መዘገቡ። በዚያም የአንድን ጠመንጃ ጉዞ ከቦታ ቦታ ተከታተሉ። ቀለሃው ከቦታው ከተነሣ፣ ለማስታወሻ ተብሎ ኪስ ከገባ፣ ተራ ብረት ነው። ዶዘር የሄደበትማ አይነሣ።

እዚያ የሚኖረው ሕዝብ መንገድም ውኃም ቤትም ያስፈልገዋል፤ ለእኛ የበዓል ስሜት ሲባል ከነችግሩ ይቀመጥ የሚል የለም። የገበሬው ማረሻ ኮረብታውን ኮረብታ አድርጎ ነው የሚተወው። የምለው፣ የመንገዱ ንድፍ ከመሠራቱ በፊት የጦር ሜዳው ድንበር ካርታ ላይ ይስፈር ነው። ያኔ መሐንዲሱ ዞሮ ማለፍ ይችላል፤ ከተቆፈረ በኋላ መጮህ ግን ለማንም አይረባም።

ዓድዋና ዙሪያዋ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዛሬ ስትወጡ አንድ ቦታ ምረጡና የተራሮቹን መስመር ፎቶ አንሡ፤ የቆማችሁበትን ቦታም ጻፉበት። በሚመጣው የካቲት 23 ከዚያው ቦታ ደግማችሁ አንሡ።

መልካም የድል በዓል።