የእምዬን ጠገራ ይዤ ኢያቄም ሸለቆ

አያቴን እምዬ ነው የምንላት። ወደ በርሊን ልመጣ ስነሳ ከአንገቷ ክር ፈትታ አንድ ጠገራ ብር ሰጠችኝ። ደሴ ያለ አንጥረኛ የበየደለት ጆሮ አናቱ ላይ አለ። በአንዱ ገጽ ሻሽ ጣል ያደረገች ደረተ ሙሉ ሴትዮ፣ በሌላው ባለሁለት ራስ ንስር፣ ጠርዙ አካባቢ ደግሞ 1780 የሚል ቁጥር። እምዬ በልጅነቷ በጠገራ ሲገበያዩ ታስታውሳለች። ነጋዴው የሴትዮዋን የጌጥ ዕንቁዎች በጥፍሩ ሳይዳብስ፣ ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ሳይሰማ አይቀበልም ነበር ትላለች።

በርሊን ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኛ። አንድ ቀን ቤት የመጣ የሥራ ባልደረባዬ አነሳውና፣ “ይሄኮ ታለር ነው። ዶላር የሚለው ስም የተወለደው ከዚህ ነው” አለኝ። ታለርስ ከየት መጣ ብለው፣ “ዮአኪምስታል ከሚባል ከተማ” ብሎ ቡናውን መጠጣቱን ቀጠለ። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ ዮአኪምስታል ብዬ ጻፍኩ፤ ካርታው ከበርሊን በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በባቡር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ቦታ አወጣልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጠገራዬን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ወርጄ ዙሪያውን ስቃኝ ጥድና ሐይቅ ነው። የብር ማዕድን የሚቆፈርበት ተራራ የሚመስል ነገር የለም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌ ጠየቅኩ። ብሩን አገላብጠው አዩና ሳቁ፤ “የኛ ከተማ ስሙን ያገኘው ከአንድ የብራንደንቡርግ መስፍን ነው። አንተ የምትፈልገው የቦሄሚያውን ነው፤ እሱ ዛሬ በዚህ ስም አይጠራም” አሉኝ። እንግዲህ በዚህ አካባቢ የከተማ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህን ነው፦ አንድ ከተማ የጀርመንም የቼክም ስም አለው፣ ካርታው የሚያውቀው ደግሞ የዛሬውን ብቻ ነው። ቦሄሚያ የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል የድሮ ስም ነው፤ የኔው ከተማ በቼክኛ ያኺሞቭ ይባላል። “ኺ” ላይ ጉሮሮ ስለምትገባ ጀማሪዎች ይቸገራሉ፤ እኛ ፊደላችን ውስጥ ስላለች ችግር የለብንም።

ስሙን ያስረዳኝ ግን ቋንቋ ሳይሆን የሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ዮአኪም ማለት ኢያቄም ነው፤ የእመቤታችን አባት። “ታል” ሸለቆ ነው። ከተማዋ የኢያቄም ሸለቆ መሆኗ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በጀርመን በኩል በ1496 የተቆረቆረች አናበርግ፣ የሐና ተራራ፣ አለች። ወረድ ብሎ በ1521 የተመሠረተች ማሪየንበርግ፣ የማርያም ተራራ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የዘመኑ ማዕድን ቆፋሪዎች ብር ባገኙ ቁጥር አንድ ከተማ ይቆረቁሩና ከአንድ ቤተሰብ ስም ያወጡላታል። ለእምዬ ግንቦት ልደታ ዕለት ደውዬ ይህን ብነግራት ንፍሮዋን እያማሰለች ዝም ብላ አዳመጠችኝ። በመጨረሻ፣ “እህ! ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ፣ ሂዳ!” አለችኝ።

ሁለተኛው ጉዞ እንግዲህ ትክክለኛው ነው። ከበርሊን ድሬስደንን አልፌ ኡስቲ የምትባል ከተማ ባቡር ቀየርኩ፤ ከዚያ እስከ ካርሎቪ ቫሪ። ያኺሞቭ ዛሬ ባቡር የላትም፤ ከካርሎቪ ቫሪ ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ነው። መንገዱ ክሩሽኔ ሆሪ ወደሚባለው የተራራ ሰንሰለት ይወጣል፤ ተራራው የጀርመን ድንበር ነው። ከተማዋ ሸለቆው ውስጥ እንደ መቀነት ተዘርግታለች። ታች ጠበልተኞች የሚያርፉባቸው ትልልቅ ሆቴሎች፣ ላይ ጥንታዊው ክፍል፣ በመሃል ብዙ ዳገት። እኔ ታች ወርጄ ሻንጣ እየጎተትኩ ወጣሁ። ላይ ወርዶ ወደ ታች መሄድ እየተቻለ!

የደረስኩት እሑድ ማታ ነበር። የሰኞ ዕቅዴ በሙሉ ሙዚየም ነው። ቼኮች ዘንድ አብዛኛው ሙዚየም ሰኞ እንደሚዘጋ ያወቅኩት ሰኞ ጠዋት የተቆለፈ በር ፊት ቆሜ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ የቲኬት ዋጋ ሳወዳድር የከረምኩ ሰው የሥራ ቀናቸውን አላየሁም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን የእግር መንገድ ይዤ ወጣሁ። የከተማዋን ታሪክ ከጅራቱ ጀምሬ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ሳስበው ደግሞ በር መቆለፉ በጀኝ።

መንገዱ ስሙ “የያኺሞቭ ሲኦል” ነው። በጫካው ውስጥ ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በየቦታው የማብራሪያ ሰሌዳ አለ። ከ1949 እስከ 1961 እዚህ ተራራ ላይ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት መንግሥት የእስረኛ ካምፖች ነበሩ። የሚቆፈረው ዩራኒየም ነው፤ የሚሄደው ወደ ሶቪየት ኅብረት፤ ስምምነቱ የተፈረመው ጦርነቱ ባበቃ በዚያው ዓመት በኅዳር 1945 ነው። ከቆፋሪዎቹ መካከል ቄሶች፣ ገበሬዎች፣ ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ሂትለርን የተዋጉ አብራሪዎች ነበሩባቸው። በ1949 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነው የበረዶ ሆኪ ብሔራዊ ቡድን ሳይቀር በ1950 ተይዘው ወደ ዩራኒየም የተላኩ አሉ።

የካምፖቹን ስም ስተረጉም ቆም አልኩ። ስቮርኖስት፦ ስምምነት። ሮቭኖስት፦ እኩልነት። ብራትርስትቪ፦ ወንድማማችነት። ወላጆቹ ደርግን ያዩ ሰው እንዲህ ያለ ስም አወጣጥ ብዙም አይገርመው። እኔን ያስደነገጠኝ አንድ ሌላ ቃል ነው፤ “የያኺሞቭ አውቶቡስ”። እስረኞቹን ከካምፕ ወደ ጉድጓድ ሲወስዷቸው በረድፍ አስጠግተው ያቆሙና ዙሪያቸውን በአንድ የብረት ገመድ ጠፍረው ይቆልፉታል። አንዱ ሲደናቀፍ ሁሉም ይጎተታል። እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው አውቶቡስ ያሉት። ትናንት ማታ በሞቀ አውቶቡስ፣ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰክቼ የወጣሁትን ዳገት አሰብኩት።

ዛሬ ቦታው ላይ የሚታየው ትንሽ ነው። ሣር የዋጠው የሲሚንቶ መሠረት፣ ዛፍ የበቀለበት የጥርብ ክምር። ወደ ታች፣ ኦስትሮቭ አጠገብ ቪክማኖቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ ግን ቀይ የጡብ ግንብ ቆሟል፤ “ቀዩ የሞት ግንብ” ይሉታል። ማዕድኑ እዚያ ተፈጭቶ በርሜል ውስጥ ይታሸግ ነበር፤ የሚሠሩት እስረኞች ናቸው፣ መከላከያ የሚባል ነገር የለም። በ2019 ዩኔስኮ ሁለቱን አገሮች የሚያካትተውን የማዕድን አካባቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህ ግንብ አብሮ ገብቷል።

ማክሰኞ በሩ ተከፈተ። ሙዚየሙ ያለው በ1530ዎቹ በተሠራው የንጉሡ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩን ከጭንቅላቱ ልጀምር። በ1516 ሽሊክ የሚባል ቤተሰብ እዚህ ጫካ ውስጥ ብር አገኘ። መሪያቸው ሽቴፋን ሽሊክ በ1520 ገደማ የራሱን ገንዘብ ማስቀረጽ ጀመረ፤ በአንዱ ገጽ ቅዱስ ኢያቄም በትሩን ይዞ ቆሟል፣ በሌላው የቦሄሚያ አንበሳ። ትልቅና ከባድ ስለሆነ ነጋዴ ወደደው። “ዮአኪምስታለር” ሲሉት ቆዩና ምላስ ሲከብዳቸው ፊቱን ቆርጠው ጣሉት፤ “ታለር” ቀረ፤ እንዲሁ “የሸለቆው” ማለት ነው። ሽሊክ ብዙም አልበላበትም። በ1526 ሃንጋሪ ውስጥ ሞሃች በሚባል ቦታ ከቱርክ ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ በ1528 ንጉሡ ገንዘብ የመቅረጽ መብቱን ከቤተሰቡ ወሰደው።

መስታወቱ ውስጥ ያለውን አንበሳ ጠጋ ብዬ አየሁት። ዘውድ ደፍቷል፤ ጅራቱ ሁለት ነው። ምኒልክ በ1890ዎቹ ፓሪስ ያስቀረጹት ብር ላይ ያለውን አንበሳ አስታወሰኝ፤ የኛው ሰንደቅ ይዟል እንጂ እሱም ዘውድ ደፍቷል። የምኒልክ ብር ግን የሴትዮዋን ጠገራ ከገበያ ማስወጣት አልቻለም።

በ1534 እዚህ ሸለቆ ውስጥ 18,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በቦሄሚያ ከፕራግ ቀጥሎ ማለት ነው። ዛሬ ሦስት ሺህ አይሞላም። በ1527 የከተማዋ ሐኪም ሆኖ የመጣው ጌኦርጊዩስ አግሪኮላ ቆፋሪዎችን ሲያክም ጉድጓዱንም አጥንቶ፣ ከሞተ በኋላ በ1556 የታተመውን ትልቁን የማዕድን ሥራ መጽሐፍ ጽፏል። ከ1534 እስከ 1540 የተሠራው የቅዱስ ኢያቄም ቤተ ክርስቲያን በቦሄሚያ ከመሠረቱ ለሉተራውያን ተብሎ የታነፀ የመጀመሪያው ነው፤ በ1873 ከከተማዋ ጋር ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ብሩ ሲያልቅ ሰዉም አለቀ። ዋናው መንገድ ዳር ባለ ቅርጽ የድንጋይ በር ያላቸው የሀብታም ቤቶች መስኮታቸው በጣውላ ተመርጎ ቆመዋል።

ብሩን ተከትሎ የመጣው ዩራኒየም ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። ቆፋሪዎቹ ጠሉት፤ እሱ ከታየ ብሩ አበቃ ማለት ነውና አውጥተው ይደፉት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውስጡ ለመስታወት ቢጫና አረንጓዴ የሚሰጥ ቀለም አወጡበት፤ ተረፈ ምርቱን ጫካ ጣሉት። ያንን ጥራጊ ነው ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር በቶን አስጭነው ፓሪስ የወሰዱት። ፖሎኒየምና ራዲየም የሚባሉትን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች በ1898 ያገኙት ከያኺሞቭ ድንጋይ ነው። በ1906 ከጉድጓዱ የሚወጣው ራዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ ያለበት ውሃ መታከሚያ ሆነ፤ በ1912 ታች ያለው ነጭ ትልቅ ሆቴል ተከፈተ፤ ኩሪ ራሷ በ1925 መጥታ አይታዋለች። ውሃው ዛሬም የሚሳበው ከስቮርኖስት ነው፤ በ1518 ከተቆፈረውና በኋላ እስረኞች ከሠሩበት ከዚያው ጉድጓድ፣ 500 ሜትር ያህል ከመሬት በታች። ካፌ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ለመገጣጠሚያ ሕመም በየዓመቱ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ጠበል ነው በአጭሩ፤ ሐኪም ያዘዘው ጠበል።

የእምዬ ጠገራ እዚህ አልተሠራም፤ ይህን ከመሄዴ በፊት ማጣራት ነበረብኝ። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ፣ በ1780 ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ ብሩ ሲቀረጽ ቁጥሩ አልተቀየረም። ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሠርተውታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይቀር። ሲመዘን ወደ 28 ግራም ነው፤ አንድ ወቄት የምንለው እሱ ነው። ከዚህ ሸለቆ የተወረሰው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሌላው ሁሉ ዳለር፣ ቶላር፣ ዶላር እያለ ሲወስድ እኛ ማዕድኑን ይዘን ብር አልነው። ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጥንም። ከ1945 ጀምሮ የወረቀት ገንዘባችን በአማርኛ “ብር” ይል ነበር፣ በእንግሊዝኛው በኩል “የኢትዮጵያ ዶላር”። እስከ 1976 ድረስ ባላገሩ ሳያውቀው የኢያቄምን ሸለቆ ስም በኪሱ ይዞ ገበያ ወጥቷል።

ማታ አውቶቡስ ስጠብቅ ለእምዬ ደወልኩ።

“ታዲያ የኔ ብር እዚያ ነው የተሠራው?”

“አይደለም እምዬ። ስሙ ነው ከዚህ የመጣው።”

“ስሙማ ብር ነው።” ዝም አለች። “ቤተ ክርስቲያኑንስ አየኸው?”

“አዎ፣ ኢያቄም ነው። ትልቅ ነው፣ አጠገቡም የእስረኞቹ መታሰቢያ አለ።”

“ሻማ አበራህ?”

አውቶቡሱ ከላይ መብራቱን አብርቶ ሲወርድ አየሁት። “ረሳሁት እምዬ።”

“ኢያቄም ቤት ድረስ ሄደህ? ሻማ ሳታበራ?” አለችኝ፤ ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ስታቀብል ሰማኋት፤ “እንቺ፣ ያንቺው ልጅ ነው።”