ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚያቀዘቅዘው ኤሲዬ

የመኪናዬ ኤሲ ጠባዩን የለወጠው በአንድ ጀምበር ነው። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ለሦስት፣ ለአራት ደቂቃ ጥሩ አድርጎ ያቀዘቅዛል። ከዚያ ቀስ እያለ ለብ ይላል። መሥሪያ ቤት ስደርስ የፀጉር ማድረቂያ ሆኖ ቁጭ ይላል። ረጋ ብዬ ባስብ ኖሮ መልሱ እዚያው ፊቴ ነበር። እኔ ግን "ጋዙ ቶሎ ይደክመዋል" ብዬ ደመደምኩ። ጋዝ የሚደክመው ይመስል!

ባለቤቴ "ለባለሙያ አሳየው" አለችኝ። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ካቻቢቴ ፍለጋ መነሳት የቆየ አመሌ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ። ወንድሟም ሊያግዘኝ መጣ፤ ማለትም እጁን ኪሱ ከትቶ ያየኛል። ከእሱ ጋር ሰሞኑን ሆድና ጀርባ ነን። የምወደው የብረት እስክሪብቶዬ የጠፋው እሱ ስልክ ቁጥር ልጻፍበት ብሎ በተዋሰኝ ቀን ነው። "እየነዳህ እጅህ ላይ ሰጠሁህ እኮ!" ይላል። እኔ ደግሞ እጄን አውቀዋለሁ፤ ምንም አልተቀበለም።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ። ከመሳቢያው ጀርባ ነው ያለው። ቅጠል፣ አቧራ፣ የወፍ ላባ፤ እንቁላል ብቻ ነው የቀረው። አዲስ አስገባሁ። ለውጡ ወዲያው ታየ፦ ድሮ ለብ ያለ ትንፋሽ የነበረው አሁን ለብ ያለ አውሎ ነፋስ ሆነ።

ቀጥሎ ኮንደንሰሩ። ከራዲያተሩ ፊት የተደረደረ ነው፤ በአቧራና በነፍሳት ከተደፈነ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። በውሃ አጠብኩት። ከመኪናው ሁሉ ንጹሕ የሆነው እሱ ብቻ ሆነ። አየሩ ያው።

በዚህ መሃል ከዳሽቦርዱ ውስጥ "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ ጀመረ። "አይጥ ናት" አልኩና ከወንበር ሥር ማጣበቂያ ወጥመድ አኖርኩ። በማግስቱ የባለቤቴን ጫማ ያዘልኝ። ስለዚያ ቀን ብዙ ባላወራ እመርጣለሁ።

ወሳኙ ግኝት የመጣው እሁድ ነው። ኤሲው በርቶ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከመኪናው ሥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር አየሁ። "ጋዙ እየፈሰሰ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ውሃ ይመስላል" አለ ዋርሳዬ።

"አንተ ስለ ኤሲ ምን ታውቃለህ?" አልኩና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከሥር አስገባሁ። የተጠራቀመውን በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። እንዳይተን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ኤሲ ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. የ1940 ሞዴል ፓካርድ ኤሲ ነበረው፤ ግን ኮምፕረሰሩን የሚያላቅቅ ክላች አልነበረውም። ለማጥፋት ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ቺንጊያውን በእጅ ማውለቅ ነው። ለችግሬ የፈየደልኝ ነገር የለም፤ ግን ከእኔ የባሰበት ሰው እንደነበር ማወቅ ያጽናናል።

ሰኞ ሦስታችን ጋራዥ ሄድን፦ እኔ፣ ዋርሳዬና ጠርሙሱ።

መካኒኩ ወጣት ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ፣ አየኝ፣ መልሶ ዘጋው። "ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ነው። የኤሲው ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው፤ ሳፋ ውስጥ አይጠራቀምልዎትም።"

ዋርሳዬ ምንም አላለም። ምንም ያላለበት አኳኋን ግን ብዙ ይናገር ነበር።

"እንዲያውም ደህና እየሠራ ስለሆነ ነው ውሃ ያንጠባጠበው" ቀጠለ ልጁ። ኮፈኑን ከፍቶ እጄን ያዘና ሁለቱን ቱቦዎች አስነካኝ። ቀጭኑ ይፋጃል። ወፍራሙ ቀዝቅዞ፣ እንደ በረዶ ውሃ ብርጭቆ ላብ አውጥቷል። "ቅዝቃዜው አለ። ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላሸው። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ላይ ያቀዘቅዛል?"

"ሦስት፣ አራት ደቂቃ።"

"ሞተሩ እስኪሞቅ ነዋ!" ዳሽቦርዱ ውስጥ ትንሽ የማሞቂያ ራዲያተር አለች፤ የሞተሩ ትኩስ ውሃ ይዞርባታል። አየሩ በእሷ በኩል እንዲያልፍ ወይም እንዳያልፍ የምታደርግ በር ደግሞ አለች። የእኔዋ ሳትዘጋ ቀርታለች። ኤሲው ያቀዘቀዘውን ማሞቂያው እየተቀበለ ያሞቀዋል። አይጧም በሩን ልትዘጋ የምትታገል ሚጢጢ ሞተር ኖራለች።

ዳሽቦርዱን ለመፈታታት ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ልጁ በረጅም መቆንጠጫ ከበሩ ጥግ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። በፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መውጫ ቀዳዳ ተንሸራቶ የገባ፣ አቧራ የለበሰ የብረት እስክሪብቶ።

ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። እየነዳሁ ነበር። ተቀብዬው ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አደረግሁት። ከዚያም ተጠማዘዝኩ።

ዞሬ ዋርሳዬን ማየት አቃተኝ፤ እሱ ግን እያየኝ እንደሆነ ማጅራቴ ነግሮኛል። ልጁ ሞተሯንም ቀየረ፤ ጥርሶቿ ተበልተው ነበር። ከዚያ የደረሰኝ ጥራዙን ገልጦ ኪሶቹን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

"ጋሼ፣ እስክሪብቶ ይዘዋል?"

"እሱ ጋ አይጠፋም" አለ ዋርሳዬ።